ለሰባት ቁጥር ጉድጓድ ባለቤት ያልተነገረው ውጤት

ለተከበሩ የአሮጌው ምሰሶ ማከሚያ ግቢ ጽዳት ፕሮጀክት ኃላፊ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ እጠይቃለሁ፤ በተለይ ጨጓራዎ ተሽሎት እንደሆነ ለማወቅ ከልብ እጓጓለሁ። አንድ ተራ ነዋሪ የኃላፊን ጨጓራ በአደባባይ መጠየቁ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ይሁን እንጂ በሰፈራችን ባለፉት ወራት ከእርስዎ ጨጓራ የበለጠ የተወራለት ነገር ስለሌለ፣ ሳልጠይቅ ባልፍ ጎረቤቶቼ ደብዳቤውን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላቸዋል። ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ያገኙታል።

ይህ ለአደባባይ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ግቢውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ከከተማችን ዳር፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ በኩል፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ አለ። በዚያ ግቢ ለብዙ ዓመታት የባሕር ዛፍ ግንድ እየተላጠ፣ በትልልቅ የብረት ታንከሮች ውስጥ በመድኃኒት እየተነከረ፣ የመብራት ምሰሶ ሆኖ ወደየአገሩ ይጫን ነበር። ምስጥ እንዳይበላው ምሰሶው ከጠጣው መድኃኒት የተረፈውን መሬቱ ጠጣው። ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላም ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢው ይሸታል፤ ከአጥሩ ሥር የሚበቅለውን ሣር ፈረሶቻችን አሽትተው ያልፉታል። ሰፈራችንም ምሰሶ ሰፈር ይባላል። እርስዎ የመጡት ይህን አፈር ቆፍረው ለማውጣትና ቦታውን ለማጽዳት ነው። ስለመምጣትዎ የማመሰግንዎ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምስጋናዎች ግን እንደየአገባባቸው ይነበቡልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ቴሌግራሙ። ነዋሪው ስለ ጽዳቱ በየዕለቱ መረጃ እንዲያገኝ ቻናል መክፈትዎን ሥራው በተጀመረበት ቀን በድምፅ ማጉያ ሰምተን አጨብጭበናል። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት ቻናሉ ምን እንዳለን አናውቅም። ኔትወርኩ ሲመለስ ከፍተን ያገኘነው የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቶችዎን ነው፤ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለዒድ፣ እያንዳንዱ ከፎቶግራፍዎ ጋር። አንድም በዓል አልዘነጉም። የባለሱቁ የመርዋን ባለቤት ሃጀር ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ስትገፋ ቆይታ፣ «ዒዳችንንስ አልረሱትም፣ አላህ ይስጣቸው፤ ውሃውን ነው እንጂ የረሱት» ያለችውን ምርቃት በእኔም በኩል ይቀበሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ በራሪ ወረቀቱ። በግቢው ውስጥ «ከተፈቀደው ልኬት በላይ የሆነ የከባድ ብረት ክምችት» መኖሩን በወረቀት አሳውቀውናል። በማግሥቱ ቁራሌዎች ከዳንግላ ሳይቀር ጆንያና ዶማ ይዘው በባጃጅ ደረሱ። አንድ ባለሙያዎ ከውስጥ ሮጦ ወጥቶ እዚህ ብረት የሚባል ነገር የለም፣ ያለው አፈር ነው እያለ ሲምል፣ ከቁራሌዎቹ አንዱ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «ወንድሜ፣ አንተን እንመን ማኅተሙን?» ብሎ ጠየቀው። ባለሙያው ማኅተሙን አየና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ወረቀቱ በአዊኛ ባለመጻፉ ለገበያ ከገጠር የሚመጡት ገበሬዎች ከዚህ ድካም መዳናቸውን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀዩ ቁጥር። በክረምቱ መጨረሻ ጓንት ያጠለቁና አፋቸውን የሸፈኑ ልጆች በየግቢው እየገቡ ከየጉድጓዱ ውሃ በጠርሙስ ቀድተው ወሰዱ፤ በየጉድጓዱ አፍም በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ቀለሙ ጥሩ ቀለም ነው፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ሰባት ቁጥር የደረሰው ለእትዬ ስሜነሽ ጉድጓድ ነበር። እትዬ ስሜነሽ ከግቢዎ በላይ፣ ከዳገቱ ላይ ባለችው ቤት ከልጃቸው ከየምሥራች ጋር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጉድጓዱን ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው የቆፈሩት ነው። በበጋ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ የሰፈሩ ግማሽ ከዚያ ይቀዳ ነበር፤ ክዳኑ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። እትዬ ስሜነሽ ውሃውን የቀዳውን ልጅ፣ «ልጄ፣ እስከዚያ እንጠጣው ወይስ አንጠጣው?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጓንቱን አውልቆ፣ «እማማ፣ ይህን እኔ መመለስ አልችልም፤ የሚመለከተው አካል በሦስተኛው ምዕራፍ ይገልጻል» አላቸው። እትዬ ስሜነሽ ምዕራፍ ሲባል የሚያውቁት ወንጌል ሲነበብ ስለሆነ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት።

አራተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። በጥቅምት መጀመሪያ ከባሕር ዳር የመጡ እንግዶችንና አንድ ባለካሜራ አስከትለው ሰፈሩን በእግርዎ መጎብኘትዎ አኩርቶናል። እትዬ ስሜነሽ ደጅ ሲደርሱ እሳቸው እጅዎን ይዘው አስገቡዎት፤ ደጅ የደረሰን ሰው ምንም ሳያቀምሱ መሸኘት አይሆንላቸውም። የተጠመቀ ጠላ ስለነበራቸው ቀድተው ሰጡዎት። ብርጭቆውን በሁለት እጅዎ ተቀበሉ፣ መልኩን አደነቁ፣ ከዚያም ቀስ ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡት። «እናቴ፣ ጨጓራዬ ነው፤ ጠላ አይስማማኝም» አሉ። እትዬ ስሜነሽ ደንግጠው፣ «እንግዲያውስ ውሃ ላምጣልዎ» ቢሉ፣ «አይ፣ አይ፣ ውሃም ይቅርብኝ፣ እንቸኩላለን» ብለው ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ በበሩ ላይ የቆምን ሰዎች እንደነበርን ላያስታውሱ ይችላሉ። መኪናዎ አስፋልቱ ላይ ሳይወጣ ወሬው ገበያ ደርሷል። ጨጓራ ያለበት ሰው ጠላ እንደማይጠጣ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም፤ ከመካከላችን ግማሹ ራሱ ጨጓራ አለበት። ነገር ግን ከክረምት ጀምሮ አንድ ቃል የነገረን ሰው ስላልነበረ የሰው ፊትና እጅ ማንበብ ጀምረን ነበር፤ የእርስዎ እጅ ደግሞ የኃላፊ እጅ ነው። ጎረቤቴ ሰርክአዲስ፣ «እሽ፣ ጠላውስ ጨጓራ ነው፤ ውሃውስ? ውሃ ለጨጓራ ማን ከለከለ?» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰባት ቁጥር ውጤት ለሰፈሩ ሕዝብ በይፋ ተገለጸ። ላቦራቶሪውም፣ ማኅተሙም፣ ድምፅ ማጉያውም የእርስዎ ብርጭቆ ነበር።

አምስተኛውን ቅሬታ መጻፍ ይከብደኛል፤ በትክክል ቢመዘን የእርስዎ ድርሻ ትንሽ ነውና። በሰፈራችን የገብርኤል ማኅበር አለን፤ በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል። በጥቅምት ተራው የእትዬ ስሜነሽ ነበር። ሁላችንም ሄድን። መቅረት ነውር ስለሆነ አንድም ሰው አልቀረም፤ አሁን ሳስበው ግን ቀርተን ቢሆን ይሻል ነበር። ከሴቶቹ አብዛኞቹ በነጠላቸው ሥር ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዘው መጥተዋል። እትዬ ስሜነሽ ጆጉን ይዘው ከወዲያኛው ጥግ መቅዳት ሲጀምሩ፣ አንዷ ስእለት አለብኝ አለች፣ ሰርክአዲስ ሐኪም ከልክሎኛል አለች፣ አንዱ ስልክ እንደተደወለለት ሆኖ ወጣ። የንስሐ አባታችን ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉና ብዙ አቆዩት፤ ይጠጡ አይጠጡ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እትዬ ስሜነሽ ጆጉን ይዘው እኔ ዘንድ ሲደርሱ ብርጭቆዬን በመዳፌ ከደንሁት። ሦስት አራት ጊዜ የጠጣ ሰው በቃኝ ሲል እንደሚያደርገው ነው ያደረግሁት፤ እኔ ግን ገና አንድ ጊዜም አልተቀዳልኝም ነበር። መዳፌን አዩና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

ጆጉ ዙሩን ጨርሶ እንደሞላ ተመለሰ። እሳቸው መካከል ቆመው፣ «ጌሾው በዝቶበት ይሆናል» አሉ።

ጌሾው እንዳልበዛበት ሁላችንም ከሽታው እናውቅ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ፣ አይ፣ አልበዛበትም አላላቸውም። ሰበቡን እሳቸው ስላወጡልን ደስ ብሎን ዳቦውን በላን፤ ዳቦው የመጣው ከዳቦ ቤት ነው።

ስድስተኛ፣ ስለ መንገዱ። ማኅበርተኛው በተበተነ በሳምንቱ እትዬ ስሜነሽ ጉድጓዱን ሊደፍኑ መቁረጣቸውን ነገሩን። «የሰው ልጅ ከእኔ ደጅ ጠጥቶ ቢታመም ምን እላለሁ» ነበር ያሉት። ደቦ ወጣን። በፈረስ ጋሪ ድንጋይ እያመላለስን ባለቤታቸው የቆፈሩትን በአንድ ቀን ሞላነው። ለቀብር ካልሆነ በቀር እንዲህ ተሟልተን ወጥተን አናውቅም። ሁላችንም በርትተን ነው የሠራነው፤ ከዚያ ወዲያ በብርጭቆ ላይ መዳፍ መክደን ስለማይኖርብን ቀልሎናል። ጋሪዎቻችን መንገዱን ዘግተውት ሳለ የፕሮጀክትዎ ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። ሾፌሩ አንድም ጊዜ ጥሩምባ አልነፋም፤ ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ባለሙያዎችም በመስኮት ሆነው ድንጋይ ስናራግፍ በትዕግሥት ተመለከቱ። ለዚህ ጨዋነታቸው የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የሰባት ቁጥርን ጉድጓድ ለምን ትደፍናላችሁ ብሎ ለመጠየቅ አንዱ እንኳ በሩን አለመክፈቱንም ለሥራችን ፍጥነት እንደተደረገ እገዛ ቆጥረነዋል።

ከዚያ በኋላ እትዬ ስሜነሽ ውሃ የሚቀዱት ከግቢዎ በታች ካለው ምንጭ ሆነ። የእኛ የሌሎቻችን ጉድጓዶች ቅርብ ነበሩ። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስቀዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሰው ክዳን መክፈት አሳፈራቸው። እኛም ኑ ቅዱ አላልናቸውም። ጄሪካናቸውን አዝለው ጠዋት ይወርዳሉ፣ ዳገቱን እያረፉ ይወጣሉ።

ሰባተኛውን ዘልዬ ወደ ስምንተኛው እሄዳለሁ፤ ሰባት በሰፈራችን የሚጠራ ቁጥር አይደለም።

ስምንተኛ፣ ስለ ዳንግላው ስብሰባ። በየካቲት «ከእንጅባራ ነዋሪዎች ጋር የተደረገ የምክክር መድረክ» የሚል ጨርቅ ሰቅለው፣ ከእኛ ጋር በዳንግላ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ እኛ በሌለንበት ተመካክረዋል። ፍጹም አልነበርንም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ከላይ የጠቀስሁት ባለሱቁ መርዋን ለተሰብሳቢዎቹ የሚጠጣ የታሸገ ውሃ እንዲያቀርብ ታዝዞ ስለነበር ካርቶኖቹን ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ገብቷል። ግድግዳው ላይ በመብራት የሚታይ ካርታ ነበር፤ የእኛ ሰፈር፣ የእኛ ቤቶች፣ ጉድጓዶቻችን ከነቁጥራቸው። ከግቢው በላይ ያሉት ሁሉ አረንጓዴ ነጥብ ነበራቸው። ሰባት ቁጥርም አረንጓዴ ነበረ። ቀይ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ከግቢው በታች ያለው ምንጭ። መርዋን ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ሲያነሳም ባለሙያው ውጤቱ ከመስቀል በፊት መጠናቀቁን፣ ኅብረተሰቡም በየደረጃው እንዲያውቅ መደረጉን ሲያስረዳ ሰማ። ተሰብሳቢው አጨበጨበ፤ የመርዋንንም ውሃ ጠጣ።

እንግዲህ፣ ክቡር ሆይ፣ ጨጓራዎ እውነተኛ ጨጓራ ነበር። በጥቅምት እትዬ ስሜነሽ ቤት ሲገቡ ውሃው ንጹሕ መሆኑን ያውቁ ነበር። ስለጠረጠርንዎ በሰፈሩ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ፣ እናቴ፣ ጉድጓድዎ ንጹሕ ነው፣ ከታች ካለው ምንጭ ብቻ ማንም እንዳይቀዳ ቢሉ ኖሮ ጨጓራዎን የሚነካው ነገር አልነበረም። ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ገና እንደነበረ እረዳለሁ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደብዳቤው ለእርስዎ ብቻ በሆነ፣ እኔም ቀና ብዬ በፈረምሁት ነበር።

መርዋን ፎቶውን ያሳየኝ ሐሙስ ማታ፣ ከዳንግላ እንደተመለሰ ነው። እኔ ለሰርክአዲስ ነገርሁ። ሰርክአዲስ ለንስሐ አባታችን ነገረች። ዓርብ ረፋድ ላይ ከእትዬ ስሜነሽና ከልጃቸው በቀር በሰፈሩ ያልሰማ አልነበረም። እኔ ልንገራቸው የሚል ግን አልተገኘም። መርዋን፣ «እኔ ማኅበራችሁ ውስጥ የለሁ፣ ደቦውም ላይ አልነበርሁ፤ እናንተ ደፈናችሁ፣ እናንተ ንገሩ» አለ፤ እውነቱን ነው። ሰርክአዲስ፣ «እንዴት ብዬ? ውሃሽ ደህና ነበር፣ ድንጋዩን እኔ ነኝ ያቀበልሁ ልበል?» አለች። የንስሐ አባታችን ፕሮጀክቱ በራሱ ጊዜ ቢነግራቸው ይሻላል፣ ከመንግሥት አፍ ሲሰሙት ክብደት አለው አሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔም ሐሳባቸውን ደገፍሁ። ስናየው ስንስቅበት የከረምነውን ቃል ሁላችንም በአንድ አፍ ተናገርነው፤ የሚመለከተው አካል ይንገራቸው አልን። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ሥራ እንዲህ በቀላሉ እንለምደዋለን ብዬ አላሰብሁም ነበር።

እሳቸው ዓርብም ቅዳሜም ወደ ምንጩ ወረዱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ነገርኋቸው። ጉድጓዱ ንጹሕ እንደነበረ፣ ምንጩ መመረዙን፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጉድጓድ እንዲቀዱ ቆሜ በአንድ ትንፋሽ ተናገርሁ። የምሥራች ተነሥታ በጓዳው በር የቆመውን ጄሪካን ይዛ ወጣችና ደጅ ስትደፋው ሰማን። እኔ እትዬ ስሜነሽ ስለ ጉድጓዱ ይጠይቁኛል፣ ወይም ያለቅሳሉ፣ ወይም ይራገማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አንተ መቼ ሰማህ?» አሉኝ።

«ሐሙስ ማታ» አልሁ።

ጥቂት አሰቡ። «ዓርብ ጠዋት ጄሪካኑን አዝዬ ስሄድ መንገድ ላይ አግኝተኸኛል» አሉ። «እንዴት አደሩ ብለኸኛል።»

መልሴን አልጠበቁም። ቁጭ በል አላሉኝም።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ እትዬ ስሜነሽ ቤት ይሂዱ። ውጤቱን እንዲነግሩ አይደለም፣ እሱን አሁን ያውቁታል። መቼ ሰማህ ብለው ይጠይቁዎታል፣ እርስዎም ከመስቀል በፊት ብለው ይመልሱ። ከዚያ ጥቂት እስኪያስቡ ድረስ ቆመው ይጠብቁ። ከሐሙስ እስከ እሑድ ያለውን ለመመለስ እኔ አልቻልሁም፤ እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ ከመስቀል እስከ የካቲት ያለውን ይችሉበት ይሆናል።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመኪናዎችዎ ደረቅ መንገድ፣ ለቀጣዮቹ ምዕራፎችም መልካም አፈጻጸም እየተመኘሁ፣ ለክብርዎ በሚገባው ሁሉ አክብሮትና ለእኔ በሚገባኝ እፍረት ጎንበስ ብዬ ፈርሜያለሁ።

ምንይችል
የምሰሶ ሰፈር ነዋሪ፣ የገብርኤል ማኅበር አባል

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስመጣ ለስብሰባ ወደ ባሕር ዳር መሄድዎ ተነገረኝ። ፖስታውን ሊቀበለኝ የወጣው ይኸነው የሚባለው የበሩ ዘበኛ ነው። «ጋሼ፣ ስለምንድን ነው?» ቢለኝ፣ ስለ ውሃ ነው አልሁት። ከጥበቃ ቤቱ ጎን ወዳለው ሰማያዊ በርሜል ዞር አለና፣ «የእኛንም ይጨምራል?» አለ። ከየት እንደሚሞላው ጠየቅሁት። «ከምንጩ ነዋ፣ ቅርቡ እሱ አይደል? ሠራተኛው ሁሉ ከዚህ ነው የሚጠጣ» አለኝ። ለእሱ ለመንገር ሰላምታ የሚወስደውን ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደብኝም። በርሜሉን በሁለት እጁ አጋድሞ እበሩ ላይ ደፋው። ስለዚህ ሲመለሱ በበርዎ ላይ የሚያገኙት ጭቃ ዝናብ ያመጣው አይደለም፤ ናሙና እንዲወሰድለትም አያስፈልግም፣ ውጤቱ እጅዎ ላይ ነው።